ስም የአባት፣ ትዳር የመዝገብ

በኢሉባቦሯ መቱ ከተማ ያለው ትልቁ ሆስፒታል «መቱ ካርል» ይባላል። ስያሜውን ያገኘው ከኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይና «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ግብረ ሰናይ ድርጅት ካቋቋሙት ከካርልሃይንዝ ቦም ነው። በአውሮፓ ልማድ ቢሆን ኖሮ «ቦም ሆስፒታል» ይባል ነበር፤ እዚያ ሰው በክብር የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ነውና። ኢሉባቦር ግን ሰውዬውን እንደ አገሩ ሰው ቆጥሮ በራሳቸው ስም ጠራቸው። አዲስ አበባም አደባባይ ስትሰይምላቸው «ካርል አደባባይ» አለች።

እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ኢትዮጵያዊቷን የእንስሳት እርባታ ባለሙያ አልማዝ ተሾመን አገቡ። ወይዘሮዋ በኋላ ድርጅቱን ሲመሩ የአውሮፓ ሕዝብ የሚያውቃቸው አልማዝ ቦም በሚል ስም ነበር። በአንድ ትዳር ውስጥ ሁለት ስሞች ተቃራኒ መንገድ ሄዱ። ባልየው ኢትዮጵያ ውስጥ የቤተሰብ ስማቸው ተትቶ በተጸውዖ ስማቸው ሲታወቁ፣ ባለቤታቸው አውሮፓ ውስጥ የአባታቸው ስም ቀርቶ በባላቸው የቤተሰብ ስም ታወቁ። ሁለቱም አገሮች ባልና ሚስቱን በየራሳቸው ሥርዓት አከበሩ እንጂ አንዱም አልተሳሳተም።

ዝነኞች ይህን ልዩነት በቀላሉ ያልፉታል። ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከበደሌ ወይም ከያዩ ተነስቶ የውጭ ዜጋ የሚያገባ ተራ ሰው ግን ኤምባሲ መስኮት ላይ ይያዛል። ብዙዎች ችግሩን «የቤተሰብ ስም ስለሌለን ነው» ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። ሌላው ዓለም ስምን ለትዳር ምስክር ያቆማል፤ የእኛ ስም ግን የሚመሰክረው ለዘር ሐረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ለትዳራችን የሚመሰክርልን ሌላ ነገር ያስፈልገናል። እሱም መዝገብ ነው፤ መዝገባችን ደግሞ ገና ልጅ ነው።

ሰባት ቤት የሚቆጥር ስም

የስም ሥርዓታችን የሚያገለግለው ጋብቻን ለማወጅ ሳይሆን ያልተገባ ጋብቻን ለመከልከል ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚጣራው አባቷ ማን ነው፣ አያቷ ማን ነው፣ ከየት ይመዘዛሉ የሚለው ነው። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና ካልተገኘ ሽምግልናው ይቀጥላል። ለዚህ ሥራ ሴቲቱ በጋብቻ ስሟን መለወጥ የለባትም። ከለወጠች ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ የልጅ ልጆቿም ከማን እንደሚዛመዱ መቁጠር ይቸግራቸዋል።

በአባት ስም መጠራት የአንድ ብሔር ወይም የአንድ ሃይማኖት ልማድ አይደለም። መቱ ገበያ የሚገናኙት ኦሮሞውና አማራው፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ መጥቶ የሰፈረው፣ ከጋምቤላ ቆላ የሚወጣው አኙዋክና ኑዌር፣ ሁሉም ስሙን ከአባቱ ስም ጋር አያይዞ ይጠራል። ሙስሊሙ በኒካ፣ ኦርቶዶክሱ በተክሊል፣ ፕሮቴስታንቱ በቸርች ቢያገባም ሙሽራዋ በማግስቱ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው።

በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ተረቅቆ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ በከፊል ሊለውጥ ሞክሮ ነበር። ሰው ሁሉ ከተጸውዖ ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ «የቤተ ዘመድ ስም» እንዲኖረው ደነገገ። ሐሳቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወርድ ስም ለማቆም ነበር። ሕዝቡ ግን አልያዘውም። ዛሬም በመታወቂያችን ላይ ሦስተኛ ሆኖ የሚጻፈው የአያት ስም ነው፤ በሚቀጥለው ትውልድ እሱ ይወጣና አባት በቦታው ይገባል። ሕጉና ልማዱ የተስማሙት ያገባች ሴት የራሷን ስም ይዛ ትቀጥላለች በሚለው ላይ ነው።

የባል ስም ወይስ የባል አያት ስም?

ፓስፖርት በመሣሪያ እንዲነበብ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያወጣው ደረጃ አለ። በገጹ ግርጌ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙ ሁለት መስመሮች ይታተማሉ። የስሙ መስመር ሰውን የሚከፍለው ለሁለት ነው፦ ቀድሞ ዋናው መለያ፣ ማለትም የቤተሰብ ስም፤ ቀጥሎ የተቀረው። የእኛ ሦስት ስሞች በዚህ ቅጽ ሲሞሉ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ የአያት ስም ነው።

ውጤቱን ለማየት አንድ ምሳሌ እናስብ። ቶሎሳ ደጀኔ ገመዳ የተባለ የመቱ ልጅ ጀርመናዊት አገባ እንበል። ሚስቱ በአገሯ ልማድ «የባሌን ስም ልውሰድ» ብትል የምትወስደው ገመዳን ነው። ገመዳ ግን ባሏ አይደለም፤ አማቷም አይደለም፤ ምናልባት በሕይወት ያላገኘችው የአማቷ አባት ነው። ልጅ ሲወልዱ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። በመቱ ሥርዓት ልጁ በራሱ ስም ላይ ቶሎሳንና ደጀኔን ያስከትላል። በጀርመን መዝገብ ግን የልጁ የቤተሰብ ስም ገመዳ ነው። ያው ልጅ በአንዱ አገር ወረቀት በአያቱ፣ በሌላው በቅድመ አያቱ ይጠራል። የቶሎሳ ወንድም ሚኒሶታ ሄዶ በመጨረሻ ስምነት ደጀኔን ያስመዘገበ እንደሆነ፣ የሁለት ወንድማማች ልጆች በወረቀት ፊት የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ።

ጀርመን እንዲህ ላለው ሰው መውጫ አበጅታለች፤ የቤተሰብ ስም ከሌለበት ሥርዓት የመጣ ሰው ከስሞቹ የትኛው የተጸውዖ፣ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሚሆን አስታውቆ ማስመዝገብ ይችላል። ምርጫው ግን ልጆቹን ተከትሎ ስለሚሄድ ከጋብቻ በፊት ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን የሚሰሙት ቅጹን ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ነው።

የሴቶቹ ችግር ሌላ መልክ አለው። የመቱዋ ልጅ ቪየና ወይም ሙኒክ ሄዳ የባሏን ስም ብትወስድ እዚያ ኑሮዋ ይቀላል፤ የልጆቿ ትምህርት ቤትም፣ ባንኩም፣ የአውሮፕላን ማረፊያውም አይጠይቃትም። ጥያቄው የሚመጣው አባቷ ሞተው መቱ ያለውን ቤት ለመውረስ ስትቀርብ ነው። የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው ፍርድ ቤት የሟቹን ስም የያዘች ልጅ ይፈልጋል፤ እሷ የያዘችው ፓስፖርት ግን የሚናገረው ስለ ባሏ ዘር ነው። ስሟን ካልለወጠች ደግሞ ጥያቄው ወደ ኬላ ይዛወራል፦ «ይህ ልጅ ያንቺ ነው? ታዲያ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» በሁለቱም በኩል መልሱ ያለው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ በጋብቻ ወይም በልደት ምስክር ወረቀት።

በቁቤ አንድ፣ በፓስፖርት ሌላ

ኢሉባቦርን ከአዲስ አበባ የሚለየው ተጨማሪ ጣጣ የፊደል ነው። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቀበሌና ወረዳ ስም የሚጽፉት በቁቤ ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል ይጠቀማል፤ ድምፆቹን ግን የሚወክለው በራሱ ሕግ ነው። «ጨ» በቁቤ የሚጻፈው «ሲ» በተባለው ፊደል ብቻ ነው፤ «ጠ» በ«ኤክስ»፤ «ቀ» በ«ኪው»። ረዥም አናባቢ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

ስለዚህ ጫልቱ የምትባል ልጅ በልደት ወረቀቷ ላይ በ«ሲ» ጀምራ ሁለት ሁለት አናባቢ ይዛ ትጻፋለች። ፓስፖርት ስታወጣ ስሟ ከአማርኛ አጻጻፍ ወደ እንግሊዝኛ ልማድ ከተገለበጠ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ጀምሮ አናባቢው ያጥራል። ጥላሁን በአንዱ ወረቀት በ«ኤክስ»፣ በሌላው በ«ቲ» ይጀምራል። መቱ ላይ ይህን ሁለት ሰው ነው የሚል የለም። ስሙን ሰምቶ ሳይሆን ፊደል በፊደል እያነጻጸረ የሚመረምረው የውጭ ቆንስላ ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ያያል። በዚህ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ሲመነዘር በስህተት ቢዛነፍ፣ ስምም ቀንም ያልገጠመ ማስረጃ ይሆንና ፋይሉ ይቆማል። «ፕሮሰሱ ቆመ» የሚባለው ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ምሥጢር ይኸው ነው።

የፊደሉ ጉዳይ የቁቤ ጥፋት አይደለም፤ ቁቤ ለአፋን ኦሮሞ የተመቸ አጻጻፍ ነው። ችግሩ የአንድ ሰው ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ተወስኖ ከልደት እስከ ፓስፖርት አብሮት አለመጓዙ ነው።

ዘግይቶ የመጣ መዝገብ

የ1952ቱ ሕግ ስለ ልደት፣ ሞትና ጋብቻ ምዝገባ፣ ስለ «ክብር መዝገብ»ም፣ በዝርዝር ጽፏል። ነገር ግን እነዚህ ድንጋጌዎች ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ እንዳይሠሩ ያው ሕግ አቆያቸው። ቆይታው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በመላ አገሪቱ በቀበሌ ደረጃ ምዝገባ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.።

በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1049፣ ስደተኞችና የውጭ ዜጎችም እንዲመዘገቡ በሩን ከፈተ። ይህ ለጋምቤላ ጎረቤት ለሆነው ኢሉባቦር ትንሽ ነገር አይደለም። ጋምቤላ ራሷ ቀድሞ የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር አካል ነበረች፤ ድንበሩን ተሻግሮ ከደቡብ ሱዳን የመጣ ሰው ከአካባቢው ሰው ጋር ቢጋባ ትዳሩ የሚመዘገብበት ሕጋዊ መንገድ ዛሬ አለ።

ይሁንና ከ2008 ዓ.ም. በፊት የተጋቡትን እናስብ። ትዳራቸው በሕግ ፊት ሙሉ ነው፤ የቤተሰብ ሕጋችን በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ በእኩል ዓይን ያያል። ኦሮሚያም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። የፌዴራሉ ሕግ የምስክር ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች እንኳ ፍርድ ቤት ምስክር ሰምቶ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውን እንዲያረጋግጥላቸው ይፈቅዳል። ለአገር ውስጥ ክርክር ይህ በቂ ነው። የውጭ ኤምባሲ ግን ትዳሩ በተፈጸመ ጊዜ የተጻፈ መዝገብ ይፈልጋል፤ ሠርጉ ከተበላ 20 ዓመት በኋላ፣ ለቪዛ ማመልከቻ በቀረበበት ወር የተሰጠ ወረቀት ጥርጣሬ ያሳድርበታል። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ትዳር ለባዕድ ሰው የተጠረጠረ ትዳር የሚሆነው እንዲህ ነው።

ዜግነት፦ ከ1922 እስከ ዛሬ

ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጎሬ የምዕራቡ የቡና ንግድ ማዕከል ነበረች። ቡናው በጋምቤላ ወደብና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር፤ በከተማዋ የግሪክ፣ የአርመንና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ነበር፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት። ማን የማን ዜጋ ነው የሚለው ጥያቄ በእንዲህ ያለ ከተማ የፍርድና የግብር ጉዳይ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ለጥያቄው መልስ ሰጠ፤ መልሱ ግን ለወንድና ለሴት እኩል አልነበረም። ኢትዮጵያዊ ወንድ የውጭ ሴት ቢያገባ ሚስቱ በጋብቻው ኢትዮጵያዊት ትሆናለች። ኢትዮጵያዊት ሴት ግን በውጭ አገር የውጭ ሰው አግብታ የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣለች። ልማዳችን ሴትን በአባቷ ስም ሲያቆያት ሕጉ በባሏ ፓስፖርት ወሰዳት።

ይህ አድልዎ የተሻረው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የውጭ ዜጋ ማግባትም የወንዱንም የሴቷንም ዜግነት አያስቀርም። የመጀመሪያው ድንጋጌ በተለይ ወደ ዓረብ አገራት ለሚሄዱ እህቶቻችን ከባድ ክብደት አለው። ለምሳሌ በሊባኖስ ሕግ ዜግነት የሚወርደው ከአባት ነው፤ አባቱ ያልተቀበለው ልጅ የሚያርፈው በእናቱ ዜግነት ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ዝርዝሩን ይናገራል። የውጭ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛ ኢትዮጵያዊ ለመሆን ጋብቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ መኖርና የነበረውን ዜግነት መተውም ይጠበቅበታል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድምና። ወላጆች እምብዛም የማያውቁት ድንጋጌ ደግሞ ይኸኛው ነው፦ በውጭ ዜጋ ወላጁ ወይም በትውልድ ቦታው ምክንያት ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ልደቱን ሲያከብር ቆጠራው ተጀምሯል ማለት ነው። ጊዜው ላለፈበት የሚቀረው በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 የመጣው፣ «ቢጫ ካርድ» የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ ዜጋ ግን አያደርግም።

ቢጫ ካርድ የሚያወጣ ልጅ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ በሰነድ ማሳየት አለበት። ከላይ የተጠቀሰው ሁለት ፊደል፣ የተለወጠ የእናት ስም፣ ያልተመዘገበ ጋብቻ፣ ሁሉም ተሰብስበው የሚመጡት በዚህ ቀን ነው።

የሌሎች ልምድ

ጃፓን ከእኛ ተቃራኒ ጫፍ ላይ ናት። «ኮሴኪ» የተባለው መዝገቧ ሰውን የሚይዘው በቤተሰብ ነው፤ የአንድ መዝገብ ሰዎች አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ጃፓናውያን ባልና ሚስትም በሕግ አንድ ስም መያዝ አለባቸው። የውጭ ዜጋ ያገባ ጃፓናዊ ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው፤ ስሙን ይዞ መቀጠል ወይም በስድስት ወር ውስጥ የትዳር ጓደኛውን ስም መውሰድ ይችላል። የውጭው ሰው ግን የራሱ መዝገብ አይከፈትለትም፤ በጃፓናዊው መዝገብ ላይ እንደ ማስታወሻ ይጻፋል። እናቶች ለልጆቻቸው ዜግነት እንደ አባቶች እኩል ማውረስ የቻሉትም ከእ.ኤ.አ. 1985 ጀምሮ ነው። ጀርመን ደግሞ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ካርልና አልማዝ በተጋቡበት ዓመት፣ ባልና ሚስት ሳይስማሙ ሲቀሩ የባል ስም በራሱ የቤተሰብ ስም ይሁን የሚለውን ደንብ ሽሮታል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን አይስላንድ ነው። አይስላንዳውያንም በአብዛኛው የሚጠሩት በራሳቸውና በአባታቸው ስም ነው፤ ሴት ስታገባ ስሟ አይለወጥም፤ አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትም እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ባል፣ ሚስት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ አራት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይዘው በአንድ ቤት ይኖራሉ። ታዲያ የአይስላንድ ሰው ኤምባሲ ላይ የማይንገላታው ለምንድን ነው? ሰውን ሁሉ በአንድ መለያ ቁጥር፣ ከወላጆቹ፣ ከትዳሩና ከልጆቹ ጋር አያይዞ የሚይዝ ብሔራዊ መዝገብ ስላላት ነው። ስሙ ያላስተሳሰረውን ቤተሰብ መዝገቡ ያስተሳስረዋል።

ምን ይደረግ?

አንዳንዶች ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1934 እንዳደረገችው የቤተሰብ ስም በሕግ እንዲታወጅ ይመኛሉ። ቱርክ ያንን ያደረገችው ኅብረተሰቧን በአጠቃላይ በአዲስ መልክ ልታዋቅር በተነሳችበት ዘመን ነው። የእኛው የ1952ቱ ሙከራ ከወረቀት ያላለፈው ሕዝቡ ሕግ ስላላወቀ ሳይሆን ያለው ሥርዓት ስለሚሠራለት ነው። ለውጭ ቅጽ ምቾት ብሎ የሰባት ቤት ቆጠራን ማፍረስ ትርፉ ከኪሳራው ያንሳል።

የሚበጀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የስም የላቲን አጻጻፍ በልደት ምዝገባ ጊዜ አንድ ጊዜ ይወሰን፤ በፋይዳ መታወቂያም፣ በፓስፖርትም፣ በጋብቻ ወረቀትም ያው ይከተል። በቁቤ ይሁን በሌላ ወላጅ ይምረጥ፤ ዋናው አለመለወጡ ነው። ሁለተኛ፣ ስማችን እንዴት እንደሚዋቀርና ሴት በጋብቻ ስሟን እንደማትለውጥ የሚያስረዳ አንድ ይፋዊ ማብራሪያ መንግሥት አዘጋጅቶ ከጋብቻ ምስክር ወረቀት ጋር ይስጥ። ዛሬ እያንዳንዱ ባለጉዳይ ለየቆንስላው በየግሉ የሚያስተምረው ትምህርት ነው። ሦስተኛ፣ ከ2008 ዓ.ም. በፊት የተፈጸሙ ጋብቻዎች ቪዛ ሳይጠየቅባቸው በዘመቻ ይመዝገቡ፤ በቤተ ክርስቲያናትና በመስጊዶች ያለው ጽሑፍ ሳይጠፋ፣ ሠርጉን ያዩት ሽማግሌዎችም በሕይወት ሳሉ።

ተጋቢዎችም የቤት ሥራ አላቸው። ስም ለመለወጥ ከመፈረም በፊት የሁለቱንም አገር መዘዝ መጠየቅ፤ ከተለወጠም የለውጡን ሰነድ አስተርጉሞና አረጋግጦ አገር ቤት ማስቀመጥ፤ ልጅ ሲወለድ ሁለቱ አገሮች በምን ስም እንደሚጽፉት አስቀድሞ መወሰን። የመቱ ወላጅ ልጁን ለባሕር ማዶ ሰው ሲድር የሠርጉን ቀን ብቻ አይቁረጥ፤ ከሠርጉ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ሙሽሮቹ ቀበሌ የሚሄዱበትን ቀን አብሮ ይቁረጥ። ድግሱን ያየ ጎረቤት ኤምባሲ ድረስ ሄዶ አይመሰክርላቸውም።